ደሴ ላይ ለወገን የሚበጅ የዌብሳይት ድርጅት እንዴት ይቋቋማል?

ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ደሴ ውስጥ ለአንድ የግል ትምህርት ቤት ዌብሳይት ሠርተን አስረከብን። ወላጆች የልጆቻቸውን ውጤት ቤታቸው ሆነው እንዲያዩ ታስቦ ነው። ገጹ ያምር ነበር። ሲከፈት ትልልቅ ፎቶዎች እየተቀያየሩ ይመጣሉ፤ ከሥር የምረቃ ቪዲዮ ይጫወታል። ርዕሰ መምህሩ ተደሰቱ፣ እኛም ተደሰትን።

ስንወጣ ጥበቃው በር ላይ አስቆሙን። "እስቲ ልጆቼ፣ የኔዋንም አሳዩኝ" ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ። ልጃቸው እዚያው ስድስተኛ ክፍል ናት። መስታወቱ የተሰነጠቀ ትንሽ ስማርት ስልክ ነው። አድራሻውን ጽፌ ከፈትኩት። ክቡ ይዞራል። ግማሽ ፎቶ መጣና ቆመ። እንደገና ሞከርኩ፣ ያው ነው። ጋሼ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ስልኩን ያያሉ። "ካርዱ አልቆ ይሆን? ጠዋት ነበር እኮ የሞላሁት" አሉ።

ካርዱን የጨረሰው የኛ ገጽ ነበር። ቢሮ ገብተን ስንመዝነው ከ6 ሜጋባይት በላይ ሆነ። ለልጅቷ ውጤት የሚያስፈልገው ግን አንድ ሰንጠረዥ ነው፤ 20 ኪሎባይት አይሞላም።

ማኅበራዊ ኃላፊነት ሲባል ቶሎ የሚመጣልን በዓመት አንድ ቀን ደብተር ማከፋፈል፣ ችግኝ መትከልና ባነር ይዞ ፎቶ መነሳት ነው። ደብተሩም ችግኙም ይጠቅማል። የኛ ሙያ ግን ሰውን የሚረዳውም የሚጎዳውም በየቀኑ በሚወጣው ሥራ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ከትርፍ ላይ እንዴት እንደሚለገስ አይደለም። ሥራው ራሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለሰው እንዲበጅ አድርጎ ድርጅት ስለማቆም ነው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ለመጀመር የምታስቡ ወጣቶች ታነቡታላችሁ ብዬ ነው።

1ኛ ደረጃ፦ ኮምፒውተሩን ዝጉና በእግር ዙሩ

ድርጅቱን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ሳምንት ለዙረት ስጡ። ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። ደሴ ከሆናችሁ ከፒያሳ ተነሱና በአራዳ፣ በቧንቧ ውሃ፣ በሰኞ ገበያ ዙሩ። ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ዓይናችሁ ቶሎ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ላይ ያርፋል። እሱን ለጊዜው ተዉት። ጋራዦችን፣ ብረታ ብረት ቤቶችን፣ ትናንሽ ክሊኒኮችን፣ ማኅበራትን እዩ።

በየገባችሁበት ሦስት ነገር ጠይቁ። ሰው ምን ሊጠይቃችሁ ይመጣል? ለአንድ ጉዳይ ስንት ጊዜ ይመላለሳል? እቤቱ ሆኖ ቢያውቀው የሚቀርለት የትኛው መንገድ ነው? መልሱን በነሱ ቃል ጻፉት። እኛ በመጀመሪያው ሳምንት ከሰማነው ሁሉ ልቤን የነካው ከኩታበርና ከለጋምቦ ተሳፍረው መጥተው "ዛሬ ሐኪሙ የለም" ተብለው የሚመለሱ ሰዎች ነገር ነው። ትራንስፖርት፣ ምሳ፣ አንዳንዴም አዳር። አንዲት መስመር ጽሑፍ ብትኖር የሚቀር ወጪ ነው።

ሌላም ነገር ታያላችሁ። ካነጋገራችኋቸው ብዙዎቹ ዌብሳይት አያስፈልጋቸውም። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ የምትሸጥ እህት የቴሌግራም ቻናልና ጉግል ማፕ ላይ ምልክት ካላት ይበቃታል። ይህን በግልጽ ንገሯት። ቻናሉን እዚያው ቁጭ ብላችሁ ክፈቱላት፣ ገንዘብ አትቀበሉ። ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጀው። እንደዚያ ያደረግንላቸው ሰዎች ናቸው በኋላ "እነዚያ ልጆች አይዋሹም" ብለው ደንበኛ የላኩልን።

2ኛ ደረጃ፦ ሕጋዊ ቅርጹን ምረጡ

እዚህ ላይ ብዙ አትቆዩ። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ለባለሙያዎች ደግሞ ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበር የሚባል ቅርጽ አለ። በአዋጅ 1113/2011 በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅትነት መመዝገብም ይቻላል።

የኔ ምክር ንግድ ሁኑ ነው። በእርዳታ ገንዘብ የሚኖር ድርጅት እርዳታው ሲቆም ሥራው ይቆማል፤ የሠራችሁላቸው ሰዎችም ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ማኅበራዊ ዓላማችሁን ግን መመሥረቻ ጽሑፉ ውስጥ በአንድ አንቀጽ አስገቡት። ከሥራ ሰዓታችሁ ምን ያህሉ ለሕዝብ ሥራ እንደሚሆንና ማን እንደሚወስን ይጻፍ። አጋሮች ነገ ሲጨቃጨቁ ወረቀቱ ይዳኛቸዋል።

3ኛ ደረጃ፦ ሒሳቡን በሰዓት ሥሩት

ለሕዝብ ልሥራ ያለ ድርጅት በስድስት ወር የሚዘጋው በክፋት አይደለም። ሒሳብ ስላልሠራ ነው። ለምሳሌ እንያዝ። የቢሮ ኪራይ፣ ደመወዝ፣ ኢንተርኔት፣ መብራትና ግብር ተደምሮ የወር ወጪያችሁ 120,000 ብር ነው እንበል። ኮድ የሚጽፉትና ዲዛይን የሚሠሩት ሦስት ሰዎች በወር በድምሩ 400 ሰዓት ይሠራሉ። አንዱ ሰዓት 300 ብር ያወጣል ማለት ነው። ከ400ው 40ውን ለሕዝብ ሥራ ብትሰጡ፣ 120,000ውን መሸፈን ያለበት የቀረው 360 ሰዓት ነው። ስለዚህ የምትከፈሉበት ሰዓት ከ334 ብር በታች መሆን የለበትም። ይህ መነሻው ብቻ ነው፤ መጠባበቂያና ትርፍ ከላዩ ይጨመራል።

ሦስት ዋጋ ይኑራችሁ። ለሚችል ሙሉ ዋጋ። ለትናንሽ ትምህርት ቤቶችና ክሊኒኮች ወጪያችሁን ብቻ የሚሸፍን ዋጋ። ለእድር፣ ለአካል ጉዳተኞች ማኅበርና ለመሳሰሉት ከ40ው ሰዓት የሚወጣ ነፃ ሥራ። ሦስቱንም በወረቀት ለጥፉት። ሰው ጎረቤቱ ለምን ባነሰ እንደተሠራለት ሲያውቅ ቅር አይለውም።

ነፃ ሥራ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንድ እድር ያለ ክፍያ ሠርተንለት በአራተኛው ወር ገጹን ከፍቼ አየሁት። መጀመሪያ ቀን የለጠፍነው ማስታወቂያ ብቻ ነው ያለው። የሚለጥፍ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በነፃ ስንሠራ ከገንዘብ ይልቅ ሰው እንጠይቃለን። በሳምንት አንድ ሰዓት የሚሰጥ፣ ስሙ ውል ላይ የሚጻፍ፣ እኛ የምናሠለጥነው አንድ ሰው። እሱ ከሌለ ሥራውን አንጀምርም።

የዶላሩንም ነገር ቀድማችሁ ተናገሩ። ውጭ አገር ያለ ሆስቲንግ፣ ማለትም ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር (ሰርቨር) ኪራይ፣ በዶላር ነው የሚከፈለው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በዚያው ዓመት ውል ያደስን ደንበኞች ደነገጡ፤ አስቀድመን ስላልነገርናቸው ያኮረፉን ነበሩ። አሁን በየፕሮፎርማው ላይ የሚቀጥለው ዓመት ማደሻ በዶላር ስንት እንደሆነና በዕለቱ ምንዛሪ እንደሚሰላ እንጽፋለን።

4ኛ ደረጃ፦ ቁልፉ የደንበኛው ይሁን

በኛ ከተማ ዌብሳይት አሠርቶ የተቃጠለ ሰው አነጋግሩ። ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። አንድ ባለሙያ ልጅ ሠራለት፣ ዶሜኑን፣ ማለትም የገጹን አድራሻ፣ በራሱ ስምና ኢሜይል አስመዘገበ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ገባ ወይ ውጭ ሄደ። ስልኩ አይነሳም። በዓመቱ ዶሜኑ አለቀ፤ የድርጅቱ ስም የሌላ ሰው ሆነ።

ስለዚህ ዶሜኑ ከመጀመሪያው በደንበኛው ስም ይመዝገብ። ኢትዮጵያዊውን የዶት ኢቲ ስም የፈለገ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል በራሱ ንግድ ፈቃድ ያውጣው፤ እናንተ አብራችሁ ሂዱና አግዙት። የኢሜይል አካውንቱም የድርጅቱ እንጂ የሥራ አስኪያጁ የግል አይሁን።

በርክክብ ቀን ፖስታ እንሰጣለን። የወረቀት ፖስታ ነው፣ በማሸጊያ የታሸገ። ውስጡ የዶሜኑ፣ የሰርቨሩና የአስተዳዳሪው ገጽ ፓስወርድ፣ የማደሻ ቀኖች በኛም በፈረንጁም አቆጣጠር፣ ባክአፑ (የመጠባበቂያ ቅጂው) የት እንዳለ፣ ሌላ ባለሙያ ቢመጣ ከየት እንደሚጀምር የሚገልጽ አንድ ገጽ አለ። ደንበኛው ካዝና ውስጥ ያስቀምጠዋል። አንዲት የክሊኒክ ባለቤት ፖስታውን ተቀብለው "ታዲያ ነገ እናንተን ብተዋችሁስ?" አሉኝ። መተው መቻል አለብዎት፣ ለዚህ ነው የሰጠንዎ አልኳቸው። ዛሬም ደንበኛችን ናቸው።

5ኛ ደረጃ፦ ቀላል፣ አማርኛም የሚያውቅ ገጽ ሥሩ

እዚህ ላይ ረዘም አደርገዋለሁ። ለሰው መቆርቆራችን የሚታየው እዚህ ነው።

በመጀመሪያ ክብደት። ለራሳችሁ ጣሪያ አውጡ። የኛ የመጀመሪያ ገጽ ከነፎቶው ከ500 ኪሎባይት አያልፍም። ጽሑፍ አያከብድም። አንድ የግእዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል፤ 5,000 ፊደል ያለው ረጅም ጽሑፍ 15 ኪሎባይት ነው። ከስልክ ካሜራ በቀጥታ የወጣ አንድ ፎቶ ግን 3 ሜጋባይት ቢሆን ያንን ጽሑፍ 200 ጊዜ ያህላል። ስለዚህ ፎቶ አሳንሱ፣ ዌብፒ ወደሚባለው ቀለል ያለ የፎቶ ዓይነት ቀይሩ፣ በራሱ የሚጀምር ቪዲዮ አታስገቡ። የአማርኛ ፎንትም (የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፋይል) ቀላል አይደለም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነፃና ጥሩ ነው፤ ግን ሁሉንም ውፍረት አትጫኑ፣ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። ፎንቱ እስኪወርድ ድረስ ጽሑፉ በስልኩ ፎንት እንዲታይ አድርጉ።

ሙከራውን በቢሮ ዋይፋይ አታድርጉ። እኛ ያገለገለ ርካሽ ስልክ ገዝተናል። ገጽ ስንጨርስ አንዳችን ያንን ስልክ ይዞ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ይወርዳል። ሐረጎን በጥምዝምዙ ስትወርዱ ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። እዚያ የተከፈተ ገጽ ሌላም ቦታ ይከፈታል። ያልተከፈተ ደግሞ ማታውኑ ይስተካከላል።

ሁለተኛ፣ አማርኛው። ብዙ ገጾች አማርኛን የሚያስተናግዱት እንደ እንግዳ ነው። ፊደላችን ከላቲኑ ይልቅ ዝርዝር ስለሚበዛበት በትንሽ መጠን ዓይን ያደክማል። የዋናውን ጽሑፍ መጠን ከፍ አድርጉ፣ በመስመሮች መካከል አየር ስጡ። ፊደሉን አታጋድሙት፤ ማጉላት ከፈለጋችሁ አወፍሩት። በኮዱ መጀመሪያ ላይ የገጹ ቋንቋ አማርኛ እንደሆነ መግለጽን አትርሱ። አንድ መስመር ናት፤ ለማያዩ ሰዎች የሚያነበው ሶፍትዌር ግን በሷ ነው የሚመራው።

ፍለጋ ላይ ትልቅ ወጥመድ አለ። "ሐይቅ" ብሎ የሚጽፍ አለ፣ "ሀይቅ" የሚል አለ፣ "ሃይቅ" የሚልም አለ። ኮምፒውተሩ ሦስቱን ሦስት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ያያቸዋል። ስለዚህ ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ሀን ከሐ፣ ከኀና ከኸ፤ ሰን ከሠ፤ አን ከዐ፤ ጸን ከፀ ጋር የሚያመሳስል ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ። ሃ እና ሓ፣ ኣ እና ዓም አይቅሩ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህ ባለመሠራቱ ስማቸውን ዝርዝር ውስጥ ያጡ ወላጆች አይቻለሁ። መዝጋቢዋ "ፀሐይ" ብላ ጽፋለች፣ እናት "ጸሀይ" ብለው ይፈልጋሉ፣ ገጹ "አልተገኘም" ይላል። እናት ልጃቸው የወደቀች መስሏቸው ነበር።

ፎርሙም እንደዚሁ ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም በሉ። የትውልድ ቀን ስትጠይቁ ዓመቱን ብቻ የሚያውቅ ሰው እንዲያልፍ ፍቀዱ። በ07 የሚጀምር የሳፋሪኮም ቁጥር "የተሳሳተ ነው" የሚል ፎርም አሁንም ያጋጥማል፤ 09 ብቻ እንዲቀበል ሆኖ ስለተሠራ ነው።

ሰዓቱ ግን ከሁሉም ይብሳል። ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ሥርዓት ሠራን። የመጀመሪያ ሳምንት ላይ አንዲት እናት ከኩታበር መጡ። ስልካቸው ላይ የደረሳቸው መልእክት "ቀጠሮዎ 8:00" ይላል። እኛ በፈረንጁ ሰዓት ቆጥረን ጠዋት 2 ሰዓት ለማለት ነበር። እሳቸው ስምንት ሰዓት ከቀኑ አሉና ከምሳ በኋላ ደረሱ። ሐኪሙ ወጥቷል። እማማ ምንም አላሉም፤ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ነጠላቸውን አጣጥፈው ጠበቁ። ስሕተቱ የክሊኒኩ አልነበረም፣ የኛ ነው። የትራንስፖርታቸውን ከፍለን፣ በማግሥቱ ቀጠሮ አስይዘን፣ ያን ሌሊት ኮዱን ቀየርነው። አሁን መልእክቱ "ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት" ብሎ ነው የሚወጣው። ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ የሚለው ቃል ሳይጻፍ ቁጥር ብቻ አትላኩ። አሥራ ሦስተኛዋን ወር ጳጉሜንንም ቀን መቁጠሪያችሁ ያውቃት፤ 5 ቀን ናት፣ በየአራት ዓመቱ 6።

በአጭር መልእክት የምትልኩ ከሆነ ደግሞ ይህን አስሉ። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። በአማርኛ 70 ብቻ። ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል፣ ደንበኛችሁም ሁለት ይከፍላል። በ70 ፊደል ቁም ነገሩን መጨረስ ጥበብ ነው፤ ተለማመዱት።

6ኛ ደረጃ፦ ማየት ለተሳነውም ይከፈት

መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያ ሲያወጡ ምን እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ። ደብዳቤው ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ፎቶው ይለጠፋል። ማየት ለተሳነው ሰው ያ ባዶ ነገር ነው። ስክሪን የሚያነብለት ሶፍትዌር "ምስል" ብሎ ያልፈዋል። ጽሑፉ ከፎቶው ጎን ይተየብ። ማኅተሙ ያለበት ፎቶ ለማስረጃ ይኑር፣ ግን ብቻውን አይሁን።

መነሻ የሚሆናችሁ የወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርሺየም የተደራሽነት መመሪያ አለ፤ 2.2 የተባለው እትም የወጣው በ2016 መጀመሪያ ላይ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን አትችሉትም። በአራቱ ጀምሩ። የጽሑፉና የጀርባው ቀለም ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን። እያንዳንዱ ምስል መግለጫ ይኑረው። ገጹ ያለ ማውዝ፣ በኪቦርድ ብቻ ይሠራ። እያንዳንዱ የፎርም ሳጥን ስም ይኑረው።

ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን አንባቢ በነፃ ይገኛል። ከሱ ጋር የሚሠራው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ድምፅ አማርኛ ያነባል። ድምፁ ደረቅ ነው፣ ግን ይሰማል። ኮምፒውተራችሁ ላይ ጫኑትና ስክሪኑን አጥፍታችሁ የራሳችሁን ገጽ ተጠቀሙ። እኔ መጀመሪያ ቀን የራሴን ሥራ "ላክ" የሚለውን ቁልፍ በዘጠኝ ደቂቃ አላገኘሁትም። ከዚያ በላይ የሚጠቅመው ግን ማየት የተሳነው ተጠቃሚ ጠርቶ ማስሞከር ነው። ሲመጣ የባለሙያ ክፍያ ክፈሉት። ሻይ ጋብዞ መሸኘት ነውር ነው፤ የሠራላችሁ ሥራ ነው።

7ኛ ደረጃ፦ የሰው ምስጢር አደራ ነው

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰውን መረጃ ስትሰበስቡ ፈቃዱን ወይም ሌላ ሕጋዊ ምክንያት መያዝ፣ ለተባለው ዓላማ ብቻ መጠቀም፣ ሲጠይቅ ማሳየትና ማረም ግዴታ ነው። የጤና መረጃ ደግሞ ከሌላው ሁሉ የጠበቀ ጥንቃቄ አለው። የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁን አንብቡት፣ ቡድናችሁም ያንብበው።

በተግባር ግን ቀላሉ ጥበቃ አለመሰብሰብ ነው። ፎርም ላይ "ሃይማኖት"፣ "ብሔር"፣ "የጋብቻ ሁኔታ" የሚል ሳጥን ሲመጣላችሁ ደንበኛውን "ለምን ይጠቅምዎታል?" በሉት። አብዛኛውን ጊዜ መልስ የለውም፤ ከድሮ ወረቀት ላይ የተገለበጠ ነው። አውጡት። ያልያዛችሁት መረጃ አይሰረቅም።

ባክአፕን በተመለከተ ደሴ ላይ ማስረዳት አያስፈልግም። በ2014 በጥቅምትና በኅዳር ከተማችን በጦርነት ውስጥ ስትሆን ሆስፒታሉ ሳይቀር ተዘርፏል። ሰው ሲመለስ ብዙ ቦታ ኮምፒውተሩ የለም፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የዓመታት መዝገብም የለም። ስለዚህ ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከከተማው ውጭ። በየወሩ አንድ ቀን ባክአፑን መልሳችሁ ክፈቱት። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ እንደሌለ ቁጠሩት።

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበርም ታስታውሳላችሁ። ያ ጊዜ አንድ ነገር አስተምሮናል። የምትሠሩት ሥርዓት ሁሉ ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚሆን መንገድ ይኑረው። የዕለቱ የቀጠሮ ዝርዝር በየማታው ይታተም። ውጤት በአጭር መልእክትም ይሂድ። መዝጋቢዋ በቢሮው ኮምፒውተር ላይ መዝግባ ኔትወርክ ሲመጣ የሚላክ ይሁን።

8ኛ ደረጃ፦ ልጆቹን በክብር ያዙ

ሰው እዚሁ አለ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ጀምሮ አለ፤ ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ፣ ደሴ ላይ ወይዘሮ ስሂን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ አሉ። ልምድ የሚፈልጉ ተማሪዎች በራችሁን ያንኳኳሉ። ያለ ክፍያ አታሠሯቸው። ቢያንስ ትራንስፖርትና ምሳ፣ ሥራቸው ለደንበኛ ከተሸጠ ደግሞ ከዋጋው ድርሻ ስጧቸው። ያለ ክፍያ ሦስት ወር መቆየት የሚችለው ቤተሰቡ የሚደግፈው ልጅ ብቻ ነው። የደሀ ልጅ መጀመሪያ ሳምንት ላይ ይቀራል፣ ምክንያቱንም አይነግራችሁም።

ሴቶች ልጆች እንዲቆዩ ከፈለጋችሁ ሰዓታችሁን እዩ። ማታ ሦስት ሰዓት ድረስ የሚያስቀምጥ ሥራ እነሱን ቀድሞ ነው የሚያስወጣው። እኛ አሥራ አንድ ተኩል ላይ እንዘጋለን። መብራት በጠፋበት ቀን የቀረውን በማካካሻ እንሠራለን እንጂ ሌሊት አናስገባም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ከነሙሉ ደመወዙ ነው፤ 30ው ከወሊድ በፊት፣ 90ው በኋላ። ይህን በጀታችሁ ውስጥ ከአሁኑ አስገቡት። ሲደርስ የሚያስደነግጥ ወጪ ከሆነ ሳታስቡት ሴት መቅጠር ታቆማላችሁ። ጁምዓም ጾምም ረመዳንም ያለበት ቢሮ ነው የሚሆነው፤ ስብሰባ ስትይዙ ማንን እንደሚያስቀር አስቡ።

9ኛ ደረጃ፦ እምቢ የምትሉትን ከወዲሁ ጻፉ

ረሃብ ሲመጣ መወሰን ከባድ ነው። ስለዚህ ሳይርባችሁ ወስኑ። እኛ የቁማር ገጽ አንሠራም። ከሁሉም በላይ ግን ወደ አረብ አገር እንልካለን ለሚሉ ደላሎች አንሠራም። እዚህ አካባቢ ስንት ቤት ልጁን በዚህ መንገድ እንዳጣ፣ ስንት ቤት ማሳውን ሸጦ ለደላላ እንደከፈለ ሁላችንም እናውቃለን። ሕጋዊ ኤጀንሲ ነኝ የሚል ከመጣ ፈቃዱን አምጣ እንላለን። ቁጥሩን ከሰጪው መሥሪያ ቤት ሳናረጋግጥ አንድ መስመር አንጽፍም። አንዱ ያንን ሰምቶ ሁለት እጥፍ ልክፈል አለ። ሸኘነው።

10ኛ ደረጃ፦ ለውጡን ቁጠሩ

"12 ዌብሳይት ሠራን" ማለት ስለ እናንተ ነው የሚናገረው። ለሰው ምን እንደቀረለት ለማወቅ ከሥራው በፊትም መቁጠር አለባችሁ። ትምህርት ቤት ከሆነ ገጹ ከመከፈቱ በፊት አንድ ሳምንት ለውጤት የመጡ ወላጆችን በር ላይ ቁጠሩ። ከተከፈተ በኋላ በሦስተኛው ወር እንደገና ቁጠሩ። ክሊኒክ ከሆነ በቀጠሮው ሳይታይ የተመለሰውን። ደብተርና መስመር ይበቃል፤ የተራቀቀ መሣሪያ አያሻም።

ቁጥሩ ካልተለወጠ ያንንም ጻፉ። በዓመት አንድ ጊዜ ደንበኞቻችንን ቡና እንጠራለን። በአቦሉ የሠመረውን፣ በቶናው ያልሠመረውን እናነባለን። ካለፈው ዓመት ሁለት ሥራዎች ማንም እንደማይከፍታቸው የተረዳነው በረካው ላይ፣ ደንበኞቹ ራሳቸው ሲነግሩን ነው። አንዱን ዘጋነው፣ ገንዘቡን መለስን። ሌላውን በአጭር መልእክት ተካነው።

መጨረሻ ላይ ርክክብ አለ። ውል ተፈርሟል፣ ፖስታው ታሽጓል፣ ሥራ አስኪያጁ በትልቅ ስክሪን አይተው ተደስተዋል። ገና አላለቀም። ከቢሮው ውጡና በር ላይ ያሉትን ጥበቃ፣ ወይም ጽዳት የሚሠሩትን እናት፣ በራሳቸው ስልክ እንዲከፍቱት ጠይቋቸው። ለሙከራው የሚሆነውን ካርድ እናንተ ሙሉላቸው። አድራሻውን አትጻፉላቸው፣ ጣታችሁንም አታስገቡ። ዝም ብላችሁ እዩ። የሚፈልጉትን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ካገኙት ፖስታውን ስጡ። ካላገኙት ፖስታውን ይዛችሁ ወደ ቢሮ ተመለሱ።